የኬስ ጡብና የኢድሪስ ሽማግሌዎች

ኢድሪስ የበጎቹ ጋጣ ላይ በተደገፈው መሰላል ጫፍ ቆሞ፣ በአንድ እጁ የጣሪያውን ቆርቆሮ ጨብጦ፣ በሌላው ኢንተርኔት ወደ ቤት የሚያቀብለውን ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። ባለቤቱ ረሒማ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብላ ታዘዋለች።

«ትንሽ ወደ ግራ።»

«ከዚህ ወዲያ ግራ የሚባል የለም። ከዚህ ወዲያ መውደቅ ነው።»

«እንግዲያው ክንድህን ዘርጋ። ሴቶቹ እኔን ነው የሚጠብቁት።»

ሴቶቹ በእርግጥም እየጠበቁ ነው። ረሒማ ከወሎ ይዛው በመጣችው ድምፅ ሐሙስ ሐሙስ ማታ መንዙማ ታወጣለች። ከአምስተርዳም፣ ከሮተርዳምና ከዴን ሃግ ያሉ እናቶች ደግሞ በየቤታቸው ስክሪን ፊት ተቀምጠው ይቀበሏታል። ዴን ሃግ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ሲኖሩ በዚህ ነገር አንድም ቀን እክል ገጥሟት አያውቅም። እዚህ፣ ከቭላርዲንገን ወጣ ብሎ ከውሃ መከላከያው ግድብ ሥር በተሸጎጠው መንደር ግን እሷ ስታወጣ መስመሩ ይቆረጣል። ተቀባዮቹ ያለፈው ስንኝ ላይ ቀርተው እሱኑ ደጋግመው ይቀበላሉ፤ መስመሩ ሲመለስ እሷ ርቃ ሄዳለች። ባለፈው ሳምንት አንዲት የአምስተርዳም ሴት፣ «እኅቴ፣ እንደው ቆም በይና እንድረስብሽ» ብላታለች።

ሙርዋይክን ያስለቀቃት ኢድሪስ ነው። ስኪፖል አየር ማረፊያ ለአውሮፕላን የሚገባ ምግብ ሲጭን ኖሮ ኖሮ፣ በስተርጅና በግና ጓሮ አማረው። አራተኛ ፎቅ ላይ በግ አይረባምና፣ ልጃቸውን ኑስራን እዚያው ትተው ይህን የገጠር ቤት ተከራዩ። ረሒማ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለች፤ ብላም ተከትላው መጣች። በጎቹን ወደደቻቸው። ጓሮውንም ወደደችው። ቤቱ ኢንተርኔት እንደሌለው ያወቀችው ዕቃው ከመኪና ከወረደ በኋላ ነው።

ኢድሪስ ያልሞከረው ነገር የለም። በመጀመሪያ ሲም ካርድ የሚገባባት ትንሽ ሳጥን ገዛ። ሳጥኗ ከቤቱ ሁሉ መርጣ መጸዳጃ ቤቱ መስኮት ላይ ብቻ ትሠራለች፤ ረሒማ ደግሞ የነቢዩን ስም መጸዳጃ ቤት ሆና እንደማታነሳ ቁርጡን ነገረችው። ቀጥሎ አምስተርዳም ሄዶ ያገለገለ የሳተላይት ሳህን ገዝቶ ጣሪያው ላይ ሰቀለ። የባሕሩ ነፋስ ሌሊት ሌሊት እያዞረው፣ ጠዋት ሲነሱ ሳህኑን የሰው ላሞች ሲመለከት ያገኙታል። የቀረው ግላስፌዘል የሚሉት፣ በመሬት ውስጥ የሚቀበረው የኢንተርኔት ገመድ ነው። እሱ መንደሩ ገብቷል፤ አጥር የሚጋሩት የኬስ ቤት ድረስም ደርሷል። ከኬስ ወደ ኢድሪስ ለመዝለቅ ግን የኬስን የመኪና መግቢያ ማቋረጥ አለበት፤ ኬስም እምቢ ብሏል።

ኬስ ብቻውን የሚኖር፣ ሸምገል ያለ ገበሬ ነው። ለራሱ ገመድ ሲቀበር ቆፋሪዎቹ የመግቢያውን ጡብ ነቅለው እንደ ነገሩ ስለመለሱት፣ በጋውን ተንበርክኮ አንድ በአንድ እንደገና ሲደረድር ከርሟል። ከዚያ በኋላ የገመዱ ድርጅት ሰው ለኢድሪስ ፈቃድ ሊጠይቀው ሲመጣ፣ በሩን ከፍቶ «አይሆንም» ብሎ መልሶ ዘግቶታል።

መሰላሉ ላይ የኢድሪስ ክንድ ዛለ። ስልኩ አመለጠውና በጎቹ መካከል ወደቀ። ከውስጥ የረሒማ ዜማ ተቋረጠ፤ ጥቂት ቆይታ ወጣች። አልተቆጣችም፤ እሱን ያስፈራውም ይኸው ነው።

«መውሊድ እየደረሰ ነው፣ ኢድሪስ። የመውሊዱን ሌሊት የማወጣው እኔ ነኝ። እሁድ ኑስራ መጥታ ትወስደኛለች።»

«ለመውሊድ ብቻ ነው?»

«እሱን እዚያ ስደርስ አያለሁ።»

ኢድሪስ ሚስቱን ያውቃታል። «ስደርስ አያለሁ» ያለችውን ነገር ደርሳ ያየችበት ጊዜ የለም። ሻንጣዋ ያንኑ ማታ በሩ ሥር ቆመ። «አትሂጂ» ሊላት ፈልጎ ነበር። ግን እሱ ባደገበት አገር ትልቅ ነገር ፊት ለፊት አይጠየቅም፤ ሰው ይላካል። ራሷን ረሒማንም ያገኛት ሽማግሌ ልኮ ነው። ስለዚህ መሰላሉ ላይ ተመልሶ ወጣና፣ ኬስን እንዲለምኑለት ለጋሽ አየለ ደወለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ከአውቶቡስ ወረዱ። ጋሽ አየለ ሰባን ያለፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ የሮተርዳም አበሻ ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠራቸው ሰው ናቸው። ሐጂ ከማሉዲን ቭላርዲንገን መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ፤ የአገራቸው ልጅ ስለሆነ ኢድሪስን እንደ ታናሽ ወንድም ያዩታል። ሦስተኛዋ የትነበርሽ ናት። ዴን ሃግ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች ትረዳለች፤ ደች እንደ ልቧ ትናገራለች።

«ከመቼ ወዲህ ነው ሴት ሽማግሌ?» አሉ ጋሽ አየለ ኢድሪስ መኪና ውስጥ ሲገቡ።

«እርስዎ በደች ይናገሩና እኔ ልመለስ።»

ጋሽ አየለ የመኪናውን በር ከፈቱላት። ዝም አይነቅዝም።

ሐጂ ከማሉዲን ግን ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። «ቆይ ኢድሪስ፣ ለምን እንደ እኔ አታደርግም? የእኔው የኢንተርኔት ድርጅት ስልኩንም ቴሌቪዥኑንም አንድ ላይ ይሰጣል።»

«የእርስዎ ድርጅት እዚህ አይደርስም፣ ሐጂ።»

«አሁኑኑ ደውዬ ልጠይቅልህ።»

«እዚህ ስልክም አይሠራም።»

«ሳተላይቱን አጥብቀህ ብታስረው ኖሮ…» ብለው ጋሽ አየለ ሲጀምሩ የትነበርሽ አቋረጠቻቸው።

«ለሽምግልና ነው ለሽያጭ የመጣነው?»

ኢድሪስ የኬስ በር ላይ አወረዳቸውና መኪናውን የራሱ ደጅ ላይ አቆመ። አስጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይገባም። ግን ቤት ገብቶ መቀመጥም አላስቻለውም። እዚህ አገር ሰው መጋረጃ አይወድምና፣ የኬስ ወጥ ቤት ከመኪናው ውስጥ ድምፁ እንደጠፋ ቴሌቪዥን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥቂት ቆይታ ረሒማ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መጣችና አጠገቡ ገብታ ተቀመጠች።

«በጎቹን ለማየት ወጥቼ ነው» አለች፤ በጎቹ ያሉት በጓሮ በኩል ነው።

ጋሽ አየለ እጃቸውን አነሡ።

«‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ› እያሉ ነው» አለ ኢድሪስ።

«የትነበርሽ እሱን ደግሞ እንዴት አድርጋ በደች ትለዋለች?»

ኬስ ወንበሮቹን ጠቆመ። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቡና ቀዳላቸው፤ በሳህን ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ብስኩት አቀረበ። ሦስቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አልተቀበሉም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፣ የቤቱንም አይቀምስም። ባለቤቱ ሰው አቁሞ ማየት ያሳፍረውና እሺ ይላል። ችግሩ፣ ማፈር እንዳለበት ለኬስ የነገረው የለም። ቡናው እንዳይባክን አንዱን ሲኒ ራሱ ጠጣ፤ ብስኩቶቹን ቆጥሮ ወደ ቆርቆሯቸው መለሰ። ሰዓቱን አየና ድስት ከምድጃ አውርዶ ለራት ተቀመጠ።

«እየበላ ነው» አለች ረሒማ። «ሽማግሌ አቁሞ ድንች ይበላል።»

«አፍስፕራክ ሳይዙ ስለመጡ ይሆናል።»

«ሽምግልናም በቀጠሮ ሆነ?»

«እዚህ እናትም ልጇን የምታየው በቀጠሮ ነው።»

ረሒማ ሳቀች። ከሐሙስ ወዲህ ስትስቅ ሲሰማት የመጀመሪያው ነው፤ ነገ ይህ ሳቅ ከቤቱ ይወጣል።

መስኮቱ ውስጥ ጋሽ አየለ የወንበሩን መደገፊያ ያዙ፤ አልተቀመጡም።

«ጉልበታቸው ነው» አለች ረሒማ። «እኔን ሲጠይቁም እንዲሁ ቆመው ነው የዋሉት፣ ወንድሜ ቤት። በር ኋላ ሆኜ አያቸው ነበር።»

«ታዪ ነበር?»

«ማየት የፈለግሁት አንተን ነበር። አንተ ደግሞ ያኔም መኪና ውስጥ ነበርክ።»

በዚህ መካከል ኬስ ሹካውን አስቀመጠ። የትነበርሽን አንድ ነገር ጠየቃት፤ እሷም በጣቷ ወደ መኪናው ጠቆመች። ኬስ ተነሥቶ በቤት ጫማው ወጣ፤ አጥሩን ዞሮ መጣና የመኪናውን መስታወት አንኳኳ።

«ጎረቤት፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ሦስት ሰዎች ቆመዋል» አለ በደች። «አንደኛው ጉልበቱን ያመዋል፣ ተቀመጥ ብለው አይቀመጥም። ድንቹ አልዋጥ አለኝ። አንተ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«እነሱ ነግረውሃል።»

«ከአንተ መስማት ነው የምፈልገው። መጀመሪያ ድርጅቱን ላክህብኝ። አሁን እነዚህን ላክህ። አጥራችን እኮ ከጉልበቴ አያልፍም። በራሱ አፍ የማይጠይቀኝ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስለኛል። ሚስትህንም የጠየቀልህ ያው ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ነው አሉኝ።»

ረሒማ ወደ ሌላው መስኮት ዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ኢድሪስ አፈረ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያከበረው መስሎት ሰውየውን ሲንቀው ኖሯል። ከመኪናው ወረደ፤ ተቀምጦ የሚጠየቅ ነገር አልመሰለውም።

«ኬስ፣ ገመዱ በመግቢያህ ሥር ይለፍልኝ። ጡቡን እኔ ራሴ እነቅላለሁ፤ እኔው በቦታው እመልሰዋለሁ።»

«በየጡቡ ላይ ቁጥር ትጽፋለህ?»

«እጽፋለሁ።»

«በጠመኔ። በቀለም አይደለም።»

«በጠመኔ።»

«መልካም» አለ ኬስ።

ኢድሪስ ሌላ የሚጨመር ነገር ካለ ብሎ ጠበቀ። አልነበረም። ስንት ወር እንቅልፍ የነሣው ነገር እንቁላል እስኪቀቀል እንኳ ሳይቆይ አለቀ።

«በል ግባና ተቀመጡ በላቸው።»

ሁሉም ገብተው ተቀመጡ፣ ረሒማም ጭምር። ጋሽ አየለ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ጮኸ። የብስኩቱ ቆርቆሮ ተመልሶ ወጣ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ደረሳቸው።

«ቆፋሪዎቹ ግን ቶሎ አይመጡም» አለ ኬስ። «እኔን ከተፈራረምኩ በኋላ ሁለት ወር አስጠብቀውኛል።»

ሁለት ወር ማለት መውሊድ አለፈ ማለት ነው። ኢድሪስ ረሒማን አያት፤ እሷ ብስኩቷን ታያለች።

ኬስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እነዚህ ሰዎች ወንድምም ያስታርቃሉ?» ሲል የትነበርሽን ጠየቃት።

ከግድቡ ማዶ ታናሽ ወንድሙ ፒት እንደሚኖር፣ አባታቸው በተዉት አንድ ትራክተር ተጣልተው ከአሥር ዓመት በላይ እንዳልተነጋገሩ አጫወታቸው። ትራክተሩ አሁን አይነሣም፤ እነሱም አልተነሡም።

«ራስህ ለምን ሄደህ አትጠይቀውም?» አለ ኢድሪስ።

ኬስ የሲኒውን ጆሮ አሻሸ። «እሱ ሌላ ነው» አለ።

የትነበርሽ ስትተረጉምላቸው የጋሽ አየለ ጉልበት በአንዴ የዳነ መሰለ። «ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንሄዳለን» አሉ።

«እኔ ነገ ሥራ እገባለሁ» አለች የትነበርሽ።

«በሁለት ሰው ደግሞ ሽምግልና አይሆንም» አሉ ሐጂ ከማሉዲን። «ያለ ደችም አይሆንም። ኢድሪስ ደግሞ ዛሬ ከኬስ ፈቃድ ተቀብሏል፤ ያዳላል ይባላል።»

ሁሉም ደች ወደምታውቀው ረሒማ ዞሩ።

«ረሒማ» አለ ኢድሪስ።

«አቤት።»

«ነገ አትሂጂ።»

ጋሽ አየለ ነገሩ ገባቸውና ወንበራቸውን ገፋ አደረጉ። «ቆይ፣ እሱን እኛ እናነጋግርልህ…»

«አይ ጋሽ አየለ፣ ይቀመጡ። ይችን እኔው ልጠይቅ።» ወደ እሷ ዞረ። «መውሊድ ያልፍብሻል፤ አውቃለሁ። ተሳስተህ ነው ያመጣኸኝ ብትዪኝም አልከራከርም። ግን አንቺ ከሌለሽ እኔ እዚህ ከበግ ጋር ምን እሠራለሁ? አትሂጂብኝ።»

«ምን አለ?» ሲል ኬስ የትነበርሽን በሹክሹክታ ጠየቃት።

«አንተ ያዘዝከውን ነው ያደረገው» አለችው።

ረሒማ ብስኩቷን በልታ ጨረሰች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ኢድሪስ ሻንጣዋን ልታመጣ የሄደች መሰለውና ዓይኑን ከመስኮቱ መንቀል አቃተው። እሷ ግን የራሳቸውን ቤት በር አልፋ ሄደች። ጓሮውን ተሻገረች፤ ጋጣው ጋ ስትደርስ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መሰላሉን መውጣት ጀመረች።

ኢድሪስ እየሮጠ ሄዶ መሰላሉን ያዘላት። እሷ ወደ ታች ሳታይ ስልኩን ከፍ አድርጋ፣ ለመንዙማ በምታወጣው ድምፅ ትጣራ ነበር።

«ኑስራ፣ ይሰማሻል? ሴቶቹን ለመውሊድ ወደዚህ ይምጡ በያቸው፤ አውቶቡስ አለ። … አንቺ ነገ አትምጪ። አትምጪ ነው የምልሽ። ሽምግልና አለብኝ።»