የፊት ረድፍ

"አትራራላት" አለች መምህርቷ። "እነሱ እንደሚጎትቱ አድርገህ ጎትታት።"

ወንድሟ የተጠቀለለ ጋዜጣውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና፣ ወለሉ ላይ የተቀመጠችውን እናታቸውን ክንዷን ያዘ። ሥራው ታክሲ መንዳት ነው። ዛሬ ጠዋት ግን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ፖሊስ ሆኖ እንዲጫወት ተመድቧል፤ ጋዜጣው ዱላው ነው።

"ተነሽ፣ አንቺ አሮጊት" አለ።

"አሮጊት እናትህ ናት" አለች እናቱ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። መምህርቷ ግን አልሳቀችም። ከቀትር በኋላ መንገዱን ለማስፋት ቤት የሚያፈርሱት ማሽኖች ይመጣሉ። የቤተ ክርስቲያኑ የፍትሕና ሰላም ቡድን "ምትክ ቤት ሳይሰጥ አንድም ቤት አይፈርስም" ብሎ ሰፈሩ መግቢያ ላይ በዝምታ ሊቀመጥ ወስኗል። መግቢያው ላይ ያለው የመጀመሪያ ቤት የእናታቸው ስለሆነ፣ ከፊት ረድፍ መሐል የምትቀመጠው እሷ ናት፤ አጠገቧ ደግሞ መምህርቷ። አምና በሌላ ሰፈር እንዲሁ ከተቀመጡት መካከል አንዱ ድንጋይ ወረወረ። ያን ቀን ሁሉም ተደበደቡ፤ ቤቶቹም ሳይመሽ ፈረሱ። ይህን ልምምድ መምህርቷ ያመጣችው ያንን አይታ ነው።

"እንደገና" አለች። "እማዬ፣ ሰውነትሽን ልቀቂው። እንደ ጆንያ ሁኚ።"

"ጆንያ መቼ ወገቡን ያመዋል?"

ወንድሟ በዚህ ጊዜ የምሩን ጎተተ። እናትየው በጎኗ ወደቀች፤ ክርኗ ከሲሚንቶው ጋር ሲጋጭ ተሰማ።

"ኧረ ክንዴን" አለች።

ጥፊ አዳራሹ ውስጥ አስተጋባ። መምህርቷ እጇን ማንሣቷን ያወቀችው መዳፏ ሲያቃጥላት ነው። ወንድሟ ጉንጩ ቀልቶ ከፊቷ ቆሟል። ጋዜጣው ወድቋል። ሁለት እጆቹ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ።



"ሕጉ ለመምህርም ይሠራል?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አናጢው ነው። ባለፈው ልምምድ ሲገፉት መልሶ ገፍቶ ነበር። በልምምድ ላይ እጁን ያነሣ ሰው የፊት ረድፍ አይቀመጥም፤ ሕጉን ያወጣችው ራሷ መምህርቷ ናት። በዚሁ ሕግ አናጢውን ከፊት አንሥታ ከኋላ ውኃ አዳይ አድርጋዋለች።

"አንተ ደግሞ ቀን ወጣልህ" አለችው አንዲት ጎረቤት።

ቄሱ መምህርቷን ወደ መስኮቱ ወሰዷት።

"የእናት ነገር ነው፤ ማንም አይፈርድብሽም" አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ደግሞም ጊዜ የለንም። ማሽኖቹ ተነሥተዋል ብለው አሁን ደወሉልኝ።"

"አባ፣ እዚያ የሚጎትታት ወንድሜ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"በገዛ ወንድሜ ላይ ያነሣሁትን እጅ በማላውቀው ሰው ላይ አላነሣም ይላሉ?"

ቄሱ መቁጠሪያቸውን በጣቶቻቸው አሸት አሸት አደረጉት።

መምህርቷ ዞር ብላ አየች። ወንድሟ እናቱን ደግፎ አስነሥቶ ክርኗን እያራገፈላት ነው። ፖሊስ ያደረገችው ሆን ብላ ነበር። መንገድ ዘጋብኝ ካለው ሹፌር ሁሉ ጋር ሲጨቃጨቅ የሚውል ሰው ነው፤ ፖሊስነቱ ከፊት ረድፍ ማራቂያ ዘዴ ነበር። አሁን ግን ተመትቶ እጁን አላነሣም።

"አጠገቧ አንተ ተቀመጥ" አለችው።

"እኔ? አንተን አላምንህም ብለሽ አይደል እንዴ ፖሊስ ያደረግሽኝ?"

"ብዬ ነበር።"

"አንቺስ?"

"ከኋላ።"

እናትየው ቀና አለች። "ከኋላ ሆነሽ ምን ትፈይጂልኛለሽ?"

መምህርቷ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ጋዜጣ አነሣች።

ከቀትር በኋላ፣ ሰፈሩ መግቢያ ላይ፣ የመጀመሪያው ማሽን ከመታጠፊያው ብቅ ሲል አስፋልቱ ከእግራቸው ሥር ነዘረ። ከፊት ያሉት ረድፍ ረድፍ ሆነው ተቀምጠዋል። ከኋላ፣ ከውኃ ጀሪካኖቹ ጋር የቆሙት አናጢውና መምህርቷ ብቻ ናቸው።

"እዚህ መቆም ከዚያ ይብሳል" አለ አናጢው። "ሰሞኑን ስረግምሽ ነው የከረምኩት። አሁን ግን አዘንኩልሽ።"

"ዝም በል፣ እባክህ።"

አንድ ወጣት ፖሊስ ከጓደኞቹ ቀድሞ መጣ። እናትየው ፊት ቆሞ አንድ ነገር ተናገረ። እሷ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ጎንበስ አለና ያንኑ የተጋጨውን ክንዷን ያዘ። ወንድምየው እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ እንዳደረገ ነው። እናትየው አንገቷን አዙራ በሰዉ መሐል ልጇን ፈለገቻት።

የመምህርቷ እግር ቀድሟት ተራምዷል። በመንገዱ ጠርዝ በኩል ክፍት ነው፤ ብትሮጥ ትደርሳለች።

"መምህር" አለ አናጢው። ሌላ አልጨመረም።

እናቷ አሁንም ወደ እሷ ታያለች። መምህርቷ ቆማ ከቀጠለች ራሷን መያዝ እንደማትችል ገባት። ቀሚሷን ሰበሰበችና ያለችበት ቦታ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች።