በላይነሽ ዲስክ ስትመርጥ

በላይነሽን የሚያበግናት እርጅናዋ አይደለም። እርጅናንማ የፊት ጥርሷን ከነጠቃት ጀምሮ ለምዳዋለች። የሚያበግናት፣ ስትናገር ራሱን የሚነቀንቅላት ሰው መብዛቱና የሚሰማት መጥፋቱ ነው። የገዛ ልጇ ካሣ እንኳ፣ "ይቺ መኪናህ ፍሬን ስትይዝ እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለች" ብትለው፣ "መንገዱ ነው እማዬ" ይላታል።

መንገዱ! ካሣ እዚህ ሱዳን በየቀኑ ከገዳሪፍ ዶካ ከተማ ሰው ያመላልሳል፤ በገበያ ቀን እሷም ሽሮና በርበሬዋን ጭና ከፊት ወንበር ጉብ ትላለች። የመንገዱን ጉድጓድ ከራሷ ጉልበት ሕመም ለይታ ታውቃለች።

"መንገዱ ከሆነ ፍሬን ሳትይዝ ለምን አትንቀጠቀጥም?"

"አሮጌ መኪና አይደለች እንዴ!"

"እኔም አሮጌ ነኝ። ተንቀጥቅጬ አይተኸኝ ታውቃለህ?"

ካሣ ሳቅ ይላል፤ መሪውን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ይይዝና ወሬ ይለውጣል። አያያዙ ነው እሷን የሚያሳርራት። የማይዘል መሪ ማን እንዲህ አንቆ ይይዛል?

ያን ሰሞን የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ነበር። ካሣ በገላባት ድንበር የሚሻገሩትን አጫጆች ወደ ቁረይሻ እርሻዎች ሊጭን ተነጋግሯል። ከዶካ ሲመለሱ ግን፣ ከተማው መግቢያ ኑቅጣው ላይ ወታደሩ ቁም ሲለው መኪናዋ ተንዘፈዘፈች፣ ወደ ግራ ሸሸች፣ የኬላውን በርሜል ልትስመው ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ወታደሩ ዘሎ ሲያመልጥ አንድ ጫማው መንገድ ላይ ቀረ። በዐረብኛ የወረደውን ስድብ በላይነሽ አንድ ሳይቀር ገብቷታል።

"እውነቱን ነው" አለች ሰውየው ሲጨርስ። "አሁን ዋርሻ ውሰደኝ።"

"ነገ እኔ..."

"ነገ የሰው ልጅ ጭነህ ልትሄድ? ካሣ፣ ከዚህ ወንበር የምወርደው ዋርሻ ነው። ቤት ብትወስደኝ እዚሁ አድራለሁ።"

ጋራዡ፣ እዚህ አገር ዋርሻ የሚሉት፣ የኣጽብሃ ነው። ኣጽብሃ የሑመራ ሰው፣ እጁ ቀና፣ ምላሱ ግን ትዕግሥት የሌለው መካኒክ ነው። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ የፊት ጎማውን ፈታና የፍሬኑን ዲስክ በእጁ አሽከረከረው። የድስት ክዳን የሚያህለው ብረት አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እያለ እንደ ሰካራም ዞረ።

"ተጣሟል" አለ።

በላይነሽ ወደ ልጇ ዞረች። "መንገዱ ነው በለው እንጂ!"

ካሣ ጎንበስ ብሎ ዲስኩን አየ።

"በቶርኖ አይስተካከልም?" አለ ቀስ ብሎ።

"ተላጭቶ ተላጭቶ አልቋል እኮ። አሁን ከላጨሁት የሚቀርህ ቅጠል ነው፤ ሲግል ይሰነጠቃል። የፊቶቹን ሁለቱንም ለውጥ፣ የፍሬን ሸራውንም አብረህ።" ከጎን ካለው የመለዋወጫ ሱቅ ሁለት ዓይነት አምጥቶ ጆንያ ላይ ዘረጋ። "እዚህ አገር ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ የተገኘው ይሄ ነው።"

አንደኛው ግራጫ፣ ከባድ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ድፍን ብረት ነው። ሁለተኛው ወርቅ የተቀባ ይመስላል፤ ፊቱ በሙሉ በቀዳዳ ተበስቷል። በላይነሽ ጎንበስ ብላ ወርቃማውን በጣቷ አንኳኳች።

"ይቺ ወንፊቷ ትሁን።"

"አደይ፣ እናቴ፣ እሱ ለእሽቅድምድም መኪና ነው።"

"ቀዳዳ አላት። አየር ታገኛለች።"

"ግራጫውም በሁለቱ ገጽ መሐል አየር የሚሄድበት አለው፣ ተመልከቺ። የዚያኛውን ቀዳዳ የዚህ አገር ዋልካ በአንድ ክረምት ይደፍነዋል። ጠጠር ገብቶ ሸራውን ይበላዋል። በየቀኑ ሰው ለምትጭን መኪና ወፍራሙ ነው የሚበጅ።"

"አያምርማ!"

"ልትድሪው ነው እንዴ?"

ካሣ በመሐል ገባ። "በቃ ኣጽብሃ፣ እማዬ የወደደችውን ግጠም።"

ኣጽብሃ የእጁን መጥረጊያ ጨርቅ መሬት ላይ ወረወረው። "አሁንስ አበዛኸው! ባለፈውም ይኸው ነህ። የውኃውን ነገር እነግራታለሁ ብለኸኝ አልነበር? ነገርካት?"

ካሣ የተወረወረውን ጨርቅ አንሥቶ አጣጠፈው።

"የምን ውኃ?" አለች በላይነሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመተማ በኩል፣ በላይነሽ ባደገችበት፣ ከመንገድ የገባ ሰው እግሩ ሳይታጠብ አይቀመጥም። መኪናዋስ? ቀኑን ሙሉ የምትሮጠው እሷ አይደለች? ማታ ማታ ካሣ ሞተሩን ሳያጠፋ በላይነሽ ከዚሩ፣ ከሸክላው ጋን፣ ቀዝቃዛውን ውኃ በጣሳ እየቀዳች በአራቱም ጎማ ላይ ታወርደዋለች፤ ከዚያ ወደ ልጇ እግር ትዞራለች። ጎረቤቷ ሂያም በአጥር ላይ ሆና ትስቅባታለች። ብረቱ ጭስስ ሲል በላይነሽ፣ "እፎይ አለች፣ የኔ ባተሌ" ትል ነበር።

"አደይ" አለ ኣጽብሃ፣ ድምፁ ለስልሶ፣ "ከኑቅጣ ኑቅጣ ፍሬን ሲያዝበት የዋለ ዲስክ እሳት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኘው ይጣመማል።"

በላይነሽ ልጇን አየችው። "ታውቅ ነበር?"

"እማዬ..."

"የባለፈውም ዲስክ በኔ ነው?"

"ያም በውኃው ነው።"

"ታዲያ መንገዱ ነው ስትለኝ የከረምከው?"

"ምን ልበልሽ?" ካሣ አንገቱን አከከ። "ጎማዋን ስታጥቢ ታንጎራጉሪያለሽ። ከአገር ከወጣን አንቺ ስታንጎራጉሪ የምሰማው ያኔ ብቻ ነው። ዲስክ ይገዛል ብዬ ነው።"

የበላይነሽ አንጀት እንደ ቅቤ ቀለጠ። ይሄ ሽማግሌ ሊሆን የተቃረበ ልጅ፣ ጢሙ የሸበተ፣ የሷን እንጉርጉሮ በብረት ሲገዛ ኖሯል! እቅፍ አድርጋ ልትስመው እጇ ተነሣ። መሐል ላይ ሲደርስ ግን ወደ ጆሮው ዞረና ቆንጠጥ አደረገው።

"እኔ ሕፃን ነኝ እሹሩሩ የምትለኝ? በርሜሉን ብትመታስ ኖሮ? ያ ወታደር ጫማውን ብቻ ባይጥልስ? ለኔ ደስታ ብለህ ብትሞት፣ ማንን ላጥብ ነው?"

"አመመኝ እኮ፣ እማዬ!"

"ይመምህ! ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሲያልፈኝ ንቆኝ ነው እላለሁ። አንተ ደግሞ ወደኸኝ ኖሯል የምትዋሸኝ። ለኔ ሁለቱም አንድ ነው፤ በሁለቱም ወሬው እኔ ጋ አይደርስም።" ጆሮውን ለቀቀችና ወደ መካኒኩ ዞረች። "ኣጽብሃ፣ ያንን መልከ ጥፉውን ግጠምልኝ። ወፍራሙን።"

"ግራጫውን?"

"ግራጫውን አልኩህ! ዲስክ እንደ ባል ነው፤ መልኩን የሚያይ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።"

ኣጽብሃ እየሳቀ ብረቱን አነሣ። በላይነሽ እጁን ይዛ አስቆመችው።

"ቆይ፣ ገና አትግጠመው። መጀመሪያ ይሄ ልጅ አንድ ነገር ይበለኝ።" ሻሿን አጠበቀችና ካሣ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። "'እማዬ፣ ተሳስተሻል' በለኝ።"

"ኧረ እማዬ፣ በሰው ፊት..."

"በሰው ፊት! ነገ ስሳሳት ምላስህ እንዳይያዝ ዛሬ ትለማመዳለህ። ዐይኔን እያየህ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ በለኝ። በል እንጂ!"