ሦስተኛው ቱቦ

በያጁ ታናሽ ወንድሙን ከቀበረ ወር ከሳምንት ሆኖታል፤ እስካሁን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣውም። ዘመድ አዝማድ «ልቡ ደንድኗል» ብሎ አምቶታል፣ ሐሜቱም ጆሮው ደርሷል። አልተናደደም። ለመናደድም እኮ ውስጥ የሆነ ነገር መኖር አለበት። ይበላል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ጋራዡን ከፍቶ የመጣለትን ብረት ይበይዳል። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለው «ደህና» ይላል፤ የዋሸም አይመስለውም።

ወንድሙን ሰፈሩ በሙሉ ፊሽካ ነበር የሚለው። መካኒክ ነበር። ስለ ቱርቦ፣ አየር እየገፋ ለሞተር ጉልበት ስለሚጨምረው መሣሪያ፣ ማውራት ከጀመረ፣ አየር ሲስብ የሚያሰማውን ድምፅ በከንፈሩ ካላፏጨ ወሬው አይጣፍጥለትም። በሠርጉ ቀን እንኳ ሙሽራዋን አጠገቡ አስቀምጦ አፏጭቷል። ከፋብሪካ ስትወጣ ቱርቦ ላልነበራት ለዚያች አሮጌ መኪናው ቱርቦ ሊገጥምላት ሦስት ዓመት ሲያልም ኖሮ፣ በስተመጨረሻ ከተጋጨ ፒክአፕ ላይ የወለቀ ቱርቦ አገኘ። የሞተሩን ትኩስ ጭስ ተቀብሎ ወደ ቱርቦው የሚያደርሰው የቱቦዎች መጋጠሚያ፣ ማኒፎልዱ ግን ተሠርቶ ሲሸጥ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ራሱ ሊሠራው ተነሳ። ከወፍራም ላሜራ ሞተሩ ላይ የሚገጥመውን ጠፍጣፋ ቆረጠ። ከውድቅዳቂ ብረት መሸጫ የእንፋሎት መስመር የነበሩ ጎባጣ ቱቦዎች ለቃቀመ። የመኪናዋን የድሮ ማኒፎልድ ሸጦም መቁረጫ ዲስክ ገዛበት። አራቱን ቱቦዎች በነጥብ በነጥብ ብየዳ አያያዛቸውና «የቀረውን ጋሼ ይጨርሰዋል» ብሎ ተወው። ከዚያ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ።

መኪናዋም ኮፈኗ እንደተከፈተ በያጁ ጋራዥ ውስጥ ቆማ ቀረች። የወንድሙ ሚስት ሰኞ ዕለት መጣች። እሑድ ጓዟን ጠቅልላ እናቷ ወዳሉበት ከተማ ልትሄድ ነው፤ የምትሄደውም በዚችው መኪና ነው።

«ሌላ አሮጌ ማኒፎልድ ፈልጌ እንደነበረች ላድርግልሽ?» አላት። «እሱ ይቀላል።»

«አይ ጋሼ፣ እሱ የጀመረውን ጨርስልኝ።» ማኒፎልዱን ከጠረጴዛው ላይ በሁለት እጇ አነሳችው፤ ይከብዳል። «አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። እሱ በእጁ የበየደውን እንዳትነካብኝ። ያንተን ጨምርበት፣ የሱን ግን ተውልኝ። ልብሱን ዘመድ ተከፋፈለው። የቀረኝ ይሄ ነው።»

«እሺ» አላት። እሺ ማለት ምን ችግር አለው።

እውነቱን ለመናገር የፊሽካን ብየዳ ያየ በያጅ ሳይስቅ አያልፍም። በያጁ ራሱ ስንት ጊዜ «ይሄ ብየዳ ነው ወይስ ምራቅ?» እያለ አብሽቆታል። በግራ እጁ ስለሚሠራ ነጥቦቹ ሁሉ ወደ ሌላ ወገን የተጋደሙ ናቸው። ጓንትም አያደርግም ነበር፤ «ጓንት እጄን ያሳውርብኛል» ይላል። ሰው እንዲህ ሲል ምን ይባላል፣ ይተዋል እንጂ።

ማክሰኞ ማኒፎልዱን ሞተሩ ላይ ገጥሞ ሲሞክረው ጉዱ ታየ። ሦስተኛው ቱቦ ታጥፎ የመጣው ልክ በአንዱ ቡሎን አናት ላይ ነው። ዳዶው በጣት ይገባል፣ ማጥበቂያው ቁልፍ ግን አይደርስበትም። ፊሽካ ቱቦዎቹን ያያያዘው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሁሉም ቡሎን ይታሰራል፣ ሁሉም ይፈታል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቡሎን ሲፈታ የኖረ መካኒክ የራሱን ቡሎን ረሳው።

በያጁ አንዱን አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ወረቀት እስኪያክል በመፍጫ አሳሳው፤ አልገባም። ሌላውን በእሳት አግሎ አጎበጠው፤ ገባ፣ ግን የሚዞርበት ቦታ የለም። ጎረቤቱ ቀለም ቀቢ ብቅ ብሎ ጥቂት አየው።

«አንዱ ቡሎን ቢቀርስ? ሰባት ሌላ አላት አይደል እንዴ?»

«በዚያ በኩል የሚወጣው እሳት ቀጥታ የሚያገኘው የነዳጅ ቱቦውን ነው።»

«እንግዲያው ቁረጠዋ።»

«አትንካ ተብያለሁ።»

«ማን ነው የሚነዳት?»

«እሷ።»

ቀለም ቀቢው ቀለም የነካውን እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ወጣ።

ረቡዕ ጠዋት በያጁ መፍጫውን አስነሳ። ያሰበው ሦስተኛውን ቱቦ ብቻ ሊያነሳ ነበር። እሱ ሲነሳ ግን አራቱ የሚገናኙበት አፍ ዘመመ፤ አፉን ለማቅናት ሁለተኛው ተነሳ፣ ሁለተኛውን ለማስተካከል አንደኛውና አራተኛው ተከተሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ከወንድሙ እጅ የቀረ አንድም ነጥብ አልነበረም፤ ሁሉም ብናኝ ሆኖ ወለሉ ላይ ፈሷል። መጥረጊያ አንስቶ ጠረገው። ትክክል እንደሠራ ያውቃል። ቃሉን እንደበላም ያውቃል። ያውቃል እንጂ አንዱም አልተሰማውም፣ ይሄ ደግሞ ትንሽ አስፈራው። ፍርሃቱም ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ሬዲዮ ከሩቅ ነበር።

ሐሙስና ዓርብ እንደሚያውቀው አድርጎ ሠራ። ጠፍጣፋው በሙቀት እንዳይጣመም አሮጌ የሞተር ብረት ላይ በቡሎን ጠፍሮ አሰረው። አንዱን ቱቦ ጥቂት ይበይድና ትቶት ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለስበታል። ሲጨርስ ቁልፉ ስምንቱም ቡሎን ላይ እንደ ልብ ዞረ። ቱርቦውን ገጠመ፤ ሞተሩን እንዳይጎዳውም ግፊቱን ዝቅ አድርጎ አስተካከለው። ቅዳሜ ጠዋት አስነሳት። የትም አላስተነፈሰችም፤ ነዳጅ ሲረግጥላት አፏጨች። ወንድሙ ቢሰማት ኖሮ ጋራዡ አይበቃውም ነበር። በያጁ እስኪበቃው ሰማትና አጠፋት።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጎንበስ ብሎ ብየዳውን አየ። ያምራል። ማማሩ ነው ችግሩ፤ እዚህ ውስጥ ፊሽካ እንደሌለ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ባትሪውን ፈታ፣ ጓንቱን አወለቀ፣ የብየዳውን መያዣ በግራ እጁ ያዘ። የመጀመሪያዋ ነጥብ አምራ ወጣችበት፤ ፈቀፈቃት። ሁለተኛዋም አልሆነችም። ሦስተኛዋ ሦስተኛው ቱቦ ጫፍ ላይ ተጋድማ፣ ተንጋዳ፣ ተንጠባጥባ ቀረች። ወንድሙ ራሱ ቢያያት «የኔ ናት» ይል ነበር።

መጣች። ሞተሩን አስነስቶ አሰማት፤ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። አጥፍቶት ብረቱ ሲቀዘቅዝ «የሱ የቱ ነው?» አለችው።

«ይቺ።»

ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰቻት።

«ሦስተኛውን ቱቦ ሲበይድ የያዝኩለት እኔ ነኝ» አለች ቀና ሳትል። «ብልጭታው ዓይኔን እንዳይወጋኝ ፊቴን አዙሬ ነበር። ቢሆንም የት እንደበየደ አውቃለሁ። እዚህ ጋ አልነበረም።»

በያጁ ከወለሉ ላይ ቁልፍ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሁሉንም ቆረጥከው?»

«ሁሉንም። ቁልፍ አይገባም ነበር፤ አንቺ ደግሞ ትነጃታለሽ።»

«ታዲያ ይቺን ለምን ሠራሃት?»

ላንቺ ብዬ ነው ሊላት አፉን ከፈተ፤ እውነት አልመስልህ አለው።

«አንዴ እሱ እንደሚይዘው ይዤ ልየው ብዬ» አላት።

ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም። ግራ እጁን ያዘችና ወደ ብርሃኑ ገለበጠችው። አውራ ጣቱ ሥር ባቄላ የሚያክል ቦታ ቆዳው ተገሽልጧል፤ መሃሉ ላይ ጥቁር የብረት ፍንጣሪ ተጣብቋል።

«ጋሼ፣ መቼ ነው እንዲህ የተቃጠልከው?»

«ተቃጥያለሁ እንዴ?»

ከቧንቧው ውሃ በኩባያ ቀድታ መጣችና ቀስ እያደረገች አፈሰሰችበት። ያን ጊዜ አመመው። ከእጁ ተነስቶ ትከሻውን አልፎ ደረቱ ድረስ አመመው። ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ እሷም እጁን ሳትለቅ አብራው ተቀመጠች፤ በያጁም እናታቸው ባወጣችለት ስም ወንድሙን ጠራው።