እንደ ጮቄ አየር

«ካፒቴኑ ‹ኧረ ይኼ ቆብ አፈነኝ!› እያለ ነው» ብሎ ፍቅረ ሥላሴ በማይክሮፎኑ ተረጎመ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ የመስታወት ቆቡን አውልቆ ቀዩ አሸዋ ላይ ወረወረና ደረቱን ነፍቶ ተነፈሰ። አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። አዳራሽ መባሉ ለክብሩ ነው እንጂ፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበት መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኗል።

ፍቅረ ሥላሴ ከቴሌቪዥኑ ጎን እንደቆመ ወደ በሩ ተመለከተ። ተማሪው ሥራነሽ አሁንም አለች። ከመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተቀምጣለች። ወንድ በሞላበት ቪዲዮ ቤት ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ልጅ እሷ ብቻ ናት። የመጣችው ፊልሙን ልታይ አይደለም፤ እሱን ልትሰማ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ቅዳሜ፣ በዚሁ ፊልም ነው። ካፒቴኑ ቆቡን ካወለቀ በኋላ ብርድ ይይዘዋል። የተሰባበረ የሣጥን ሳንቃ ይለቅምና ክብሪት ጭሮ እሳት ያነዳል፤ ያውም ማርስ ላይ። ያን ጊዜ ከተመልካቹ አንዱ «ቲቸር፣ እዚያ አየር አለ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ፍቅረ ሥላሴ የፊዚክስ መምህር ነው፤ መልሱን እንደ አባታችን ሆይ ያውቀዋል። ሊመልስ አፉን ሲከፍት የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት የሺዋስ ከበሩ ላይ ዓይኑን አጉረጠረጠበት። ቀደም ሲል አንድ ጊዜ ስለ ስበት ኃይል ሲያብራራ ሰው ተሰላችቶ ወጥቶ ነበርና።

«አለ እንጂ!» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «እንደ ጮቄ አየር ነው፤ ይበርዳል እንጂ ይተነፈሳል!»

ሰው ሁሉ ወደደለት። የጮቄ ተራራን ብርድ የማያውቅ የምሥራቅ ጎጃም ሰው የለም። በሳምንቱ ውስጥ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ማለዳ እጃቸውን እያሻሹ «ዛሬስ ማርስ ሆነ» ይባባሉ ጀመር፤ የሺዋስም ፊልሙ ለዚህ ቅዳሜ እንደሚደገም በሩ ላይ ለጠፈ።

ለፊልሙ ሠሪዎች ፍቅረ ሥላሴ አይፈርድባቸውም። ፊልሙ አሮጌ ነው፤ ገና አንድም መንኮራኩር ማርስን ሳይረግጥ የተሠራ። ወንዙ ይፈሳል፣ ሰዎቹ እንደ ገበያተኛ መሬቱን እየረገጡ ይሄዳሉ፣ ባዶ ጠፈር ውስጥ ፍንዳታ ይሰማል። ባያውቁ ነው። እሱ ግን እያወቀ ዋሸ። እንቅልፍ የነሳውም ይኼው ነው።

ትናንት ደግሞ ውሸቱ ክፍል ድረስ ተከትሎት ገባ። መምህር ይባል እንጂ ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ፕላዝማው ነው። ከአዲስ አበባ የሚተላለፈው ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲንጣጣ እሱ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ቆይ ቢሉት አይቆይ፣ ድገም ቢሉት አይደግም። ለመምህሩ የሚተርፉት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ትናንት በእነሱ ስለ መቃጠል ጠይቆ ውሸቱን በዘዴ ሊያርም አሰበ።

«ማርስ ላይ እሳት ይነዳል?»

«ይነዳል!» አለ አሥረኛ ቢ በአንድ ድምፅ።

እጇን ያወጣች ሥራነሽ ብቻ ነበረች። «አይነድም። መጽሐፉ ኦክስጅን የለም ነው የሚል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ራሳቸው እንደ ጮቄ ነው ብለውን!» አለ አንዱ። «በማይክሮፎን ተናግረው!» አለ ሌላው። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ወደ መምህሯ ዞረች። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ፍቅረ ሥላሴ ጠመኔውን እያገላበጠ ቆመ፤ ደወሉም ተደወለ።

በሩ ላይ ደረሰችበት። «ቲቸር፣ የትኛው ነው ልክ? መጽሐፉ ነው ወይስ እርስዎ?»

«እ... ሰኞ እንነጋገርበታለን።»

«ፈተና ደረሰ እኮ። ነገ እዚያው ቪዲዮ ቤት መጥቼ እሰማለሁ። ከደገሙት መጽሐፉን ትቼ እርስዎ ያሉትን እይዛለሁ።»

እንዲህ ብላ ሄደች። እሱም ከእንዲህ ያለ እምነት ስድብ ይሻለኝ ነበር አለ በልቡ።

ያልመለሰላት ጨክኖ አይደለም። ግማሹ ክፍል የየሺዋስ ደንበኛ ነው፤ እዚያ የተነገረች ቃል ሳትውል ሳታድር የሺዋስ ጆሮ ትገባለች። የሺዋስ ደግሞ የቪዲዮ ቤቱ ጌታ ብቻ ሳይሆን የቤት አከራዩም ነው። ከአዳራሹ ግድግዳ ጀርባ ያለችው ክፍል የፍቅረ ሥላሴ መኖሪያ ናት። ኪራይ አይከፍልባትም፤ በምትኩ ቅዳሜና እሑድ ይተረጉማል። አሁን በዚያች ክፍል ውስጥ ሚስቱ ማርያማዊት አራስ ናት። ልጅቱ ገና ክርስትና አልተነሣችም። ክርስትና ሳይደርስ አራስን ከነልጇ ይዞ ቤት ፍለጋ መዞርን ማሰብ እንኳ ያስፈራዋል።

ቢሆንም ዛሬ ፊልሙ ሳይጀመር የሺዋስን ጥግ አስይዞ ለመነው።

«ጋሽ የሺዋስ፣ እሳቷ ላይ ስደርስ አንዲት ቃል ላስተካክል።»

«የቷ እሳት?»

«ማርስ ላይ የምትነደው። ውሸት ናት።»

የሺዋስ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማርያማዊት ስትወልድ የገንፎውን ቅቤ የላከ እሱ ነው። ከክፉ ሰው ጋር ተጣልቶ መውጣት ይቻላል፤ ቅቤውን ከበሉለት ሰው ጋር ግን ከባድ ነው።

«ፊልም ሁሉ ውሸት አይደል እንዴ? በጦርነቱ ፊልም ያ ሰውዬ ጥይት እንደ ቆሎ ቅሞ ሲሮጥ ምነው ዝም አልህ?»

«እሱን ማንም አላመነኝም። ይችን ግን አመኑኝ።»

«ይመኑሃ! መማር የፈለገ ትምህርት ቤት ይሂድ።»

«ትምህርት ቤትማ የሚያስተምረው ቴሌቪዥኑ ነው።»

«እንግዲያው እዚህም ቴሌቪዥኑ ያለውን በል።» የሺዋስ ሳቁን አቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መምህሬ፣ ያን ጊዜ ስበት ምናምን ስትል ሰው ተነቅሎ እነ ገብረ ኪዳን ቪዲዮ ቤት ሄደብኝ። እኔም ልጆች አሉኝ። ዛሬ ከደገምኸው ያችን ክፍል ለሌላ አስተርጓሚ እሰጣታለሁ። በፈጠረህ፣ አራስ ላይ አታስጨክነኝ።»

አሁን ካፒቴኑ ሳንቃውን ከምሮ ተንበረከከ። ከፊት የተደረደሩት የአሥረኛ ቢ ልጆች ነገሩን ስለሚያውቁት እየተነካኩ ወደ ኋላ፣ ወደ ሥራነሽ ይዞራሉ። የሺዋስ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ካፒቴኑ ክብሪቱን አወጣ» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «ጫረው።»

«ነደደ ቲቸር?» አለ ከፊት አንዱ።

ከግድግዳው ጀርባ ሕፃኗ አለቀሰች። ጭቃው ስስ ስለሆነ ማርያማዊት እሹሩሩ ስትል ሳይቀር ይሰማል።

«ነደደ!» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «እንደ ጮቄ አየር ነው ብያችሁ የለ!»

ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። የሺዋስ ራሱን ነቀነቀለት። ሥራነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ ማንንም ሳታይ በየሺዋስ ጎን ሹልክ ብላ ወጣች። ፍቅረ ሥላሴ ውስጡ ተቃጠለ። ካፒቴኑ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልሰማውም። ደግሞ ተናገረ።

«ምን አለ?» ብሎ ሰው ጮኸ። «ተርጉም እንጂ!»

ፍቅረ ሥላሴ በአግዳሚዎቹ መካከል አልፎ ማይክሮፎኑን የሺዋስ እጅ ላይ አስቀመጠ። «እስቲ አንዴ ያዝልኝ።»

«ወዴት ነው? ኧረ እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ...»

ውጭው ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ልጅቷ የግቢውን በር ልታልፍ ስትል ደረሰባት።

«ሥራነሽ! መጽሐፉ ነው ልክ። የክብሪቱ ራስ ብልጭ ሊል ይችል ይሆናል፤ ሳንቃው ግን አይነድም። ያለው አየር እጅግ ስስ ነው፤ እሱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቆብ ያወለቀ ሰውም ክብሪት እስኪጭር አይቆይም። እኔ ነኝ የዋሸሁ።»

«ታዲያ አሁን ለምን ደገሙት?»

«ቤቱ የእሱ ነው» አለ ወደ አዳራሹ እያመለከተ። በተማሪ ፊት እንዲህ ያለ መልስ መስጠቱ አሳፈረው።

ሥራነሽ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ለእኔ ለብቻዬ መንገድ ላይ ቢነግሩኝ ምን ይረባኛል? የሳቁብኝ እኮ እዚያ ውስጥ ናቸው።»

«ሰኞ እነግራቸዋለሁ።»

«ሰኞማ ፕላዝማው ነው የሚያወራ።»

ዞር ሲል ማርያማዊት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ በክፍላቸው በር ላይ ቆማለች። ማይክሮፎኑ ዝም ሲል ደንግጣ መውጣቷ ነው። ሁሉንም እንደሰማች ከፊቷ አወቀ።

«ፍቅሬ» አለች ቀስ ብላ፤ «እንዲያው ክርስትናው እስኪደርስ እንኳ ብትታገሥ?»

የምትለው ሁሉ እውነት ነው። እሱም ፈራ። ክርስትናው ቢደርስ ደግሞ ክረምቱ አለ፤ ክረምቱ ቢያልፍ ሌላ ምክንያት አይጠፋም። እስከዚያ ሥራነሽ ፈተናዋን ተቀምጣ ትጨርሳለች።

«ብርድ ላይ አትቁሚ፣ ግቢ» አላትና ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

የሺዋስ ማይክሮፎኑን እንደ ጨበጠ በላብ ተጠምቆ ቆሟል፤ ሰው በፉጨትና በስድብ ያጣድፈዋል። ፍቅረ ሥላሴን ሲያይ ዓይኑ በራ። «እፎይ! ቶሎ በል፣ ሊበሉኝ ነው።»

ፍቅረ ሥላሴ ማይክሮፎኑን ተቀብሎ ፊት ለፊት ወጣ። ካፒቴኑ እሳቱን እየሞቀ ገና ያወራል።

«የአሥረኛ ቢ ተማሪዎች፣ ከመቀመጫችሁ ተነሡ።»

የካፒቴኑ ንግግር የመሰላቸው ሳቁ። እሱ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ እነሱ ነበር የሚያየው። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። አንዱ ተነሣ፣ ቀጥሎ ጓደኛው፤ ከዚያ የፊቱ አግዳሚ በሙሉ ቆሞ ቴሌቪዥኑን ጋረደው። ከኋላ «ተቀመጡ፣ ከለላችሁን!» የሚል ጩኸት ተነሣ። «መምህሬ!» አለ የሺዋስ ከበሩ፤ «ኋላ እንዳትወቅሰኝ!»

ፍቅረ ሥላሴ ሥራነሽ ድምፁን ሰምታ ተመልሳ ደፍ ላይ እስክትቆም ጠበቃት።

«የትናንቱን ጥያቄ» አለ በማይክሮፎኑ፣ «እንደገና እጠይቃችኋለሁ።»