ጋሼ ኢንጂነርና የመሬቱ ሽቦ

ኤሌክትሪሺያኑ ሚስት ሲያገባ የእናቷ ወንድም የሆኑት አጎቷም አብረው መጡለት። ሰውየው ሃያ ስምንት ዓመት የኤሌክትሪክ ዕቃ መጋዘን በረኛ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ቤተዘመዱ «ጋሼ ኢንጂነር» አላቸው፤ እሳቸውም ቀልድ መሆኑን ሳይጠረጥሩ ስሙን ወረሱት። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ስለ ኤሌክትሪክ ኤሌክትሪሺያኑን አማች የሚጠይቅ ጠፋ።

አማች ግን ዝም አላለም። ለአማቱ ቤት፣ ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው በቅጽበት የሚያጠፋ ብሬከር ገጠመላቸው። ወዲያው አሮጌው የልብስ ማጠቢያ ማሽን መዞር በጀመረ ቁጥር ቤቱ ድርግም ይል ጀመር።

«ልጄ፣ ደህና ቤቴን አጨለምክብኝ» አሉት አማቱ።

«እማማ፣ ብሬከሩ የሚጠብቀው የወጣው ኤሌክትሪክ መመለሱን ነው። ካልተመለሰ በሌላ በኩል ሾልኳል ማለት ነው። ማሽኑ ውስጥ የተላጠ ሽቦ ሳይኖር አይቀርም፤ ቅዳሜ እፈታዋለሁ።»

«ልክ ነው፤ የልጆቹ አባትም ወጥቶ ሲቀር በሩን እዘጋበት ነበር።»

ጋሼ ኢንጂነር ቅዳሜን የሚጠብቁ ሰው አልነበሩም። «ቦቅቧቃ ብሬከር! በእኛ ጊዜ ኤሌክትሪክ ሰው ሲይዝ ሰውም ይይዘው ነበር!» ብለው ስፒናውን ፈቱና አንዷን ሽቦ በፒንሳ ቆረጧት። ማሽኑ ዞረ፤ መብራቱ አልጠፋም። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ለአማች ተደወለለት።

«የቷን ሽቦ ነው የቆረጡት?»

«አረንጓዴና ቢጫዋን። ሥራ ፈት ናት፤ አንድም ቀን ስትሠራ አላየኋትም።»

«ጋሼ! እሷ የመሬት ሽቦ ናት! የሾለከውን ወደ መሬት የምታወርደው እሷ ነበረች፤ አሁን ማሽኑን እንዳይነኩት!»

የያዘውን ጥሎ ሮጠ። ሲደርስ አጎትየው በባዶ እግራቸው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆመው ለተሰበሰበው ዘመድ ያብራራሉ። «እንዳትነካው ይለኛል! ምኑን ነው የማልነካው?» አሉና በእርጥብ መዳፋቸው የማሽኑን ጀርባ መታ አደረጉ።

ጧ! መብራቱ ጠፋ። ጋሼ ኢንጂነር ዘለው የልብስ ቅርጫት ውስጥ ተቀመጡ።

አማች የልብ ትርታቸውን አዳመጠ። ይመታል፤ በሽቅድምድም ቢሆንም።

«ነዘረኝ» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ለዐይን ጥቅሻ ያህል ነው የነዘረዎት። ብሬከሩ ባይኖር ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበርን።»

«ወንድሜ፣ ያተረፈህ ቦቅቧቃው ነው» አሉ እህታቸው፤ ከዚያ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

አማች ማሽኑን ፈታ፤ የብረት አካሉን የነካውን የተላጠ ሽቦ ቀየረ፤ የመሬቷንም መልሶ አሰረ።

በማግስቱ ጋሼ ኢንጂነር ከጎረቤት ጎረቤት ዞሩ። «ይህን ብሬከር አስገጥሙ። እኔ ራሴ በእጄ ፈትሼዋለሁ።»

በዚያ ሳምንት አማች ስድስት ቤት ገጠመ። ሥራውን በጨረሰ ቁጥር ግን ባለቤቶቹ አንድ ነገር ይሉታል፦

«እጅህ ይባረክ። እስኪ ጋሼ ኢንጂነር መጥተው ይዩትና እናብራ።»