ክንድ መጨረሻ ነው የሚመጣው

ስንጥር ይሏታል። ቅጥነቷ ነው ያሰየማት፤ እሷም ስሙን ወደደችው፣ ስንጥር የገባበት ሰው ያውቀዋልና።

አሰልጣኙ የቤዝቦል ማሊያዋን ነጥቆ፣ ከቡድኑ አስወጥቷት፣ በቦታዋ ግንዱን ሊያስገባ ቆርጧል። ግንዱ አዲስ የመጣ ወጠምሻ ነው፤ ክንዱ የሷን ጭን ያክላል። ደግሞ አያፍርም፣ ማሊያዋን ከወዲሁ ለብሶ ዳር ቆሟል። አልደርስ ብሎት እምብርቱ ይታያል።

«ሦስት ኳስ ይወረወርልሻል» አላት አሰልጣኙ። «አንዷን እንኳ አጥር ካላሻገርሽ ደህና ሁኚ። ዱላውን ጠበቅ አድርገሽ ያዥ! ክንድ እፈልጋለሁ፣ ክንድ!»

ግንዱ ራሱ አጥር ያሻገረው በሳምንቱ አንዴ ነው፤ እሱን ማን ጠየቀው?

የመጀመሪያዋ ኳስ መጣች። ስንጥር እንደታዘዘችው ዱላውን አንቃ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ በክንዷ ሰነዘረች። ዱላው የደረሰው ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ግንዱ ሳቀ። የሷ እንባ መጣ፤ ከንዴት ነው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ። የቤቷን ትምህርት ትታ የሰው ምክር መስማቷ አንገበገባት።

አባቷ ጎሚስታ ነው። ስልሳ አልፎታል፣ ክንዱ የመጥረጊያ እንጨት ነው፤ ግን የጭነት መኪና ጎማ ከዛገ ቸርኬ ላይ በመዶሻ ሲያላቅቅ ጎረምሶቹ አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ አብራው መዶሻ ጨብጣለች።

«ልጄ፣ መዶሻውን አንቀሽ ከያዝሽው ጡንቻሽ ይተኛል» ይላታል። «ላላ አድርጊው። ተረከዝሽ መሬት ይንከስ፣ ዳሌሽ ይዙር፣ ትከሻሽ ይከተል። ክንድ ተላላኪ ነው፣ መጨረሻ ነው የሚመጣው።»

ስንጥር እጇን አላላች።

«ጠበቅ! ጠበቅ አድርጊ እንጂ!» ጮኸ አሰልጣኙ።

«አላደርግም!»

ወርዋሪው ኳሷን ለቀቃት። ስንጥር ተረከዟን ተከለች፣ ዳሌዋ ዞረ፤ ክንዷ ገና ኋላ ነበር። ከዚያ እንደ ጅራፍ ጫፍ ተተኮሰ። ጧ! ኳሷ አጥሩን አልፋ፣ ማዶ ካለው ጋራዥ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስትንኳኳ ተሰማች።

«ይኸው! ክንድ ማለት ይሄ ነው! አላልኩሽም?» አለ አሰልጣኙ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ክንድ አይደለም፣ ተረከዝ ነው። ያስተማረኝም አባቴ ነው፣ አንተ አይደለህም።»

ከዚያ ግንዱ ፊት ሄዳ እጇን ዘረጋች።

«አውልቅ» አለችው።