አንዲት ቃል ሳትጨምሪ

የዩኒቨርሲቲውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ በዓመት ሦስት ጊዜ ራሷን ያማታል። ያው «ዜናና ስኬት» የምትባለው የክፍሉ መጽሔት ስትደርስ ነው። መጽሔቷ ስምንት ገጽ ናት፤ ስምንቱም ገጽ በመምህራኑ ዜና ይሞላል፣ ዜና ባይኖርም ይሞላል። ማን ጽሑፍ እንዳሳተመ፣ ማን የት ስብሰባ ላይ እንደተጨበጨበለት፣ ማን ለሽልማት ታጭቶ ለጥቂት እንዳመለጠው፣ ሁሉም እዚያ አለ።

የመጽሔቷ ደንብ ደግሞ ጉድ ነው። እያንዳንዱ መምህር የራሱን ዜና ራሱ ይጽፋል፣ ግን ሌላ ሰው የጻፈለት አስመስሎ። ሰውዬው በጠዋት ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ «እኚህ ታዋቂ ምሁር» እያለ ስለ ራሱ ሲጽፍ ትንሽ እንኳን አይቀፈውም። ከዜናው ሥር ለጸሐፊዋ ማስታወሻ ያክልበታል። ዜናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ማስታወሻው ግን የልብ በሚያደርሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። «አደራ፣ የኔን ከእሱ በላይ አድርጊው» ይላል አንዱ። ያ ከእሱ በላይ የተባለውም ያንኑ ብሎ ልኳል። እሷ የሁሉንም ታነባለች፣ የተጣመመውን ታቃናለች፣ አራት ቦታ የገባውን «ታዋቂ» ወደ አንድ ታወርደዋለች፣ ማስታወሻዎቹን አጥፍታ ለማተሚያ ቤት ትልካለች። እንዲህ ስታደርግ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ይህችን መጽሔት ከዳር እስከ ዳር የሚያያት ሰው በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው፤ የጸሐፊዋ አባት። መምህራኑማ የየራሳቸውን ዜና ብቻ አንብበው ያጥፏታል። አባቷ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በማተሚያ ቤት ለኅትመት የብረት ፊደል ሲለቅሙ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ግን አንድ በአንድ ያውቁታል። አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ከመጀመሪያው ገጽ ይነሡና የልጃቸውን ስም ይፈልጋሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀና ይላሉ።

«ታዲያ አንቺ የታለሽ?»

«እኔ አዘጋጅ ነኝ፣ አባዬ። አዘጋጅ አይጻፍም።»

«ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሠርቶ ነው የተጻፈው?»

ይሄን ጥያቄ መመለስ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አቅቷታል።

ዘንድሮ ግን የምትመልሰው ነገር አገኘች። በዚያው ክፍል በማታው መርሐ ግብር ሰባት ዓመት ተምራ፣ ከሁሉም አንደኛ ወጥታ ተመረቀች። ካስተማሯት አንዱ «ቀይ ብዕር» የሚባለው የሰዋስው መምህር ነው፤ ለማንም ሙሉ ነጥብ ሰጥቶ አያውቅም። ለእሷ ሰጣትና ሳምንት ሙሉ እንዳኮረፈ ሰነበተ። እሷም ለአባቷ ቃል ገባች፤ «በዚህኛው አለሁበት፣ አባዬ።» አባቷ ያን ቀን መነጽራቸውን በሳሙና አጠቡት።

ስለ ራሷ ሦስት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀባት። «ታዋቂ» ልትል ስትል እጇ እምቢ አላት። በመጨረሻ «የክፍሉ ጸሐፊ በማዕረግ ተመረቀች» ብላ፣ ከስሟ ጋር፣ ስምንተኛው ገጽ ላይ ከጠፋው ዣንጥላ ማስታወቂያ ሥር አስገባችው። ትልቅ ቦታ አልጠየቀችም፤ ዣንጥላው እንኳን ከሷ በላይ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ረቂቁን ይዞ መጣ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዜና ነው።»

«የማን?»

«የኔ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ! በጣም ጎበዝ!» አለና ወዲያው ብዕሩን አወጣ። «ግን ይሄ እኮ የመምህራን ነው። ዛሬ ለጸሐፊ ከከፈትን፣ ነገ ጽዳቷም ጥበቃውም ዜና አለን ይላሉ።»

«ካላቸው ምን አለበት?»

«አየሽ፣ ነገር የሚበላሸው እንዲህ ነው» አለና ሦስቱን መስመር በአንድ ጭረት ሰረዛቸው። «ሌላም አለ። መምህራኑ አቤት ብለዋል። ከራስሽ ትጨምሪያለሽ፣ ትቀንሻለሽ። ከአሁን በኋላ የላኩት ሁሉ እንደላኩት ይታተም። አንዲት ቃል ሳትጨምሪ፣ አንዲት ቃል ሳትቀንሺ።»

«እንደላኩት?»

«እንደላኩት!»

«እርስዎ የላኩትም?»

«በተለይ የኔ!»

«እሺ» አለች። እሺ ማለት ትችልበታለች።

እሱ እንደወጣ በሩን ዘጋችና አለቀሰች። አባቷ መነጽሩን ሲያጥቡ ትዝ ባሏት ቁጥር እንደገና አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ኮምፒውተሯን ከፈተች። የመጀመሪያውን ዜና ገልብጣ ከሥሩ ካለው ማስታወሻ ስትደርስ ጣቷ እንደ ልማዱ ሊያጠፋው ሄደ። «አንዲት ቃል ሳትቀንሺ» የሚለው ትዝ አላትና ጣቷን አነሣች። የቀረው ሥራ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። እንዲህ ቀላል ሥራ ኖሮ ነው እንዴ ስትለፋ የኖረችው!

እንዲያም ሆኖ ሆዷ አልቻለም። ታትሞ ከመውጣቱ በፊት ለኃላፊው ወሰደችለት። እሱ ስልክ ያወራል።

«አንዴ ያንብቡት።»

በእጁ ዝም በይ አላትና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥ አድርጎ የራሱን ፎቶ አየ።

«እባክዎ፣ ያንብቡት» አለች ደግማ።

ስልኩን በትከሻው ይዞ ፈረመ። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?

ሰኞ ጠዋት መጽሔቷ ወጣች። «የኃላፊው መልእክት» ከሚለው ርዕስ ሥር፣ ከትልቁ ፎቶ አጠገብ፣ እንዲህ ይላል፦ «ያው ያለፈውን አድርጊው፣ ወሩን ብቻ ቀይሪ። ፕሬዚዳንቷ ያደነቁትን፣ ያን አንቺ የጻፍሽውን አንቀጽ ግን እንዳትነኪው።» ሌላ መልእክት የለም።

ሁለተኛው ገጽ ላይ የቀይ ብዕር ዜና፣ አራቱንም «ታዋቂ» እንደያዘ፣ ከሥሩ፦ «እህቴ፣ አደራሽን ሰዋስዉን አንዴ እይልኝ። ሰው እንዳይሰማ።» ሦስተኛው ላይ መጽሐፉ ሊወጣ ነው ሊወጣ ነው ሲል አሥራ አንድ ዓመት ስለሞላው «ሊወጣ ነው» የተባለው መምህር፦ «መጽሐፉ ሊወጣ ነው በይ። አምና ምን እንዳልን ረሳሁት፣ አንቺ ታስታውሺ የለ? እንዳይጋጭብን።» አንዱ «ፎቶዬን ጸጉር ያለበትን» ይላል። አንድ ወጣት መምህር ደግሞ ትልቅ ዜና ነበረው፤ ጽሑፉ ውጭ አገር ታትሟል። ከሥሩ፦ «ያ አንቺ እንደ አዲስ የጻፍሽልኝ ተቀባይነት አገኘ! የኔ እናት፣ ውለታሽ አለብኝ። ዜናው ላይ ግን አንቺን አንጠቅስም አይደል?»

እስከ ዛሬ ለመስኮት መወልወያ የምትሆነው መጽሔት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አለቀች። እንግሊዝኛውን የማያነበው ሁሉ ማስታወሻውን ያነባል። በር ላይ ጥበቃው ጮክ ብሎ ሲያነብ ጽዳቷ መጥረጊያዋን ተደግፋ «ድገመው፣ እስቲ ድገመው» ትላለች። ተማሪዎቹማ ኃላፊው ሲያልፍ «ወሩን ብቻ ቀይሪ!» እያሉ ነው።

ቀይ ብዕር እየነደደ ወደ ቢሮ መጣ፤ እንደ ልማዱ ያነበበው የራሱን ብቻ ነው። ደረጃው ላይ የ«ሊወጣ ነው»ን ማስታወሻ አሳዩትና ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቁጣውን እዚያው ረሳው። «ሊወጣ ነው»ም እየነደደ መጥቶ የቀይ ብዕርን ማስታወሻ ሲያይ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ከዚያ ሁለቱ ተያዩ። ሁለቱም ሳቃቸውን አቆሙ።

ኃላፊው ግን የሚስቅበት አላገኘም።

«አዋረድሽኝ! ምን ማድረግሽ ነው?»

ፊርማው ያለበትን ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «እንደላኩት ነው ያሉኝ። ያንብቡት ብዬ ሁለቴ ለመንኩዎት።»

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ናቸው። ኃላፊው ከመቀመጫው ተነሥቶ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። ድምፃቸው ከፍ ያለ ስለሆነ እሷም ትሰማለች።

«ይቺ በየገጹ አንቺ፣ አንቺ የምትባለው ማን ናት?»

«ጸሐፊያችን ናት፣ ክብርት ፕሬዚዳንት።»

«ስሟ የታለ?»

«መጽሔቷ… የመምህራን ስኬት ብቻ ነው የሚወጣባት።»

«እኮ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሠርቶ ነው የተጻፈው?»

ጸሐፊዋ ክው አለች። የአባቷ ጥያቄ ነው፣ አንድም ቃል አልጎደለውም። ኃላፊው ላቡን ጠረገ።

ትእዛዙ አጭር ነበር። ሐሙስ ልዩ እትም ይውጣ፤ የጸሐፊዋ ምረቃ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይሁን፤ ዜናውን ኃላፊው ራሱ ይጻፈው፣ እሷ አታግዘው። ሰውዬው ሁለት ቀን በሩን ዘግቶ ጻፈ። ረቡዕ ሲያመጣላት ከዜናው ሥር በእጁ የተጻፈ ማስታወሻ ነበረበት፦ «ይሄን አታትሚው። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ጥፋቴ ነው።» አላተመችውም። ቀድዳ፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ማታ ግን ይሄ ሁሉ ገና አልተጻፈም ነበር፤ የፕሬዚዳንቷ ትእዛዝም ቢሆን ለአባቷ የሚነበብ ነገር አይደለም። ስሟ የሌለባትን መጽሔት ይዛ ቤት ገባች። አባቷ መነጽሩን ይዘው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ ቃል ገብቼልህ ነበር። ስሜን ሰረዙት» አለች።

«እስቲ አምጪው።»

እንግሊዝኛውን ዘለሉት። ማስታወሻው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸው ቆመ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሔቷ የሚገባቸው ነገር ተናገረች። ቀስ ብለው አነበቡ። የቀይ ብዕር ላይ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ጸጉር ያለበት ፎቶ ላይ ሲደርሱ እንባቸው ፈሰሰ፣ መነጽሩም ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱና በፊደል ለቃሚ ጣታቸው እየነኩ ሄዱ።

«ይሄ አንቺ ነሽ» አሉ። ገለጡ። «ይሄም አንቺ ነሽ።» ገለጡ። «ይሄም። ይሄም አንቺ ነሽ። ውይ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ውስጥ ነበርሽ?»

ሐሙስ ልዩ እትሙን አመጣችላቸው። ፎቶዋ ትልቅ ነው፣ ስሟ ወፍራም ነው። አባቷ ስሟን ፊደል በፊደል መረመሩት።

«ስህተት የለበትም» አሉና አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። የሰኞዋን መጽሔት መልሰው ወደ መነጽራቸው ሳቡ። «ይቺኛዋ ትሻላለች። እዚያኛው ላይ ያለሽው አንድ ቦታ ብቻ ነው።»